ከኅብረት ሱቅ እስከ ሸማቾች ማኅበር

ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ሱፐርማርኬት ሲባል ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጡት ሸዋ፣ ፋንቱ፣ ክዊንስ የሚባሉት የአዲስ አበባ ስሞች ናቸው። እንደ መርጡለ ማርያም ባሉ የጎጃም የወረዳ ከተሞች ግን ስኳርና ሳሙና በየቅርንጫፉ በአንድ ዋጋ የሚሸጥበት አሠራር የገባው በሌላ በር ነው፤ መጀመሪያ በቀበሌው ኅብረት ሱቅ፣ ኋላም በሸማቾች ማኅበር።

ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ በዚያው አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመ። ቀበሌ የተባሉት እነዚህ ማኅበራትም ሱቅ ከፈቱ። በዚያ ዘመን ለቤተሰብ የተመደበው ኮታ የሚታደልበት ቀን ሲደርስ የቤተሰቡን ካርድ የያዘ ሰው ዕቃውን ይዞ ይሰለፋል። ባለሱቁ ካርዱ ላይ የቤተሰቡን ብዛት ያይና ስኳሩን ከኩንታሉ እየዘገነ ይመዝናል፤ ዘይቱን ከበርሜል ቀድቶ በመጣው ጠርሙስ ይሞላል፤ ካርዱ ላይ ምልክት አድርጎ ቀጣዩን ይጠራል። ድሃው በዚህ ሱቅ እፎይ ማለቱ እውነት ነው።

ለጎጃም ገበሬ ግን ነገሩ ሌላ ገጽ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት፣ ሕዝቡ እሰገድ የሚለው፣ ጤፉን በተወሰነ ዋጋ በኮታ ይወስድ ነበር። አዲስ አበባ ቀበሌ ውስጥ በርካሽ ይታደል የነበረው እህል ርካሽ የሆነው ከአምራቹ ኪስ እየወጣ ነበር። የካቲት 26 ቀን 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የእህል ኮታው ቀረ። ያን ኮታ ያየ ብዙ ገበሬ «ማኅበር» የሚለውን ቃል ለረጅም ጊዜ በጥርጣሬ ቢያይ አልፈርድበትም።

የኅብረት ሥራ ማኅበር ሐሳብ ግን ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። እንግሊዝ አገር ሮችዴል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1844 ሸማኔዎችና ሌሎች የእጅ ባለሙያዎች የሆኑ 28 ሰዎች ጥቂት ገንዘብ አዋጥተው ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳርና አጃ የሚሸጥ ሱቅ ከፈቱ። ትርፉን የሚካፈሉት እያንዳንዱ በገዛው መጠን ነበር፤ ድምፅ ደግሞ ለአንድ ሰው አንድ። የእኛው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991ም ይህንኑ መንገድ ያዘ። አባልነት በፈቃድ ሆነ፤ ማንም አባል ከጠቅላላው እጣ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይዝ ተከለከለ፤ ባለ ብዙ እጣውም ባለ አንድ እጣውም በጉባኤ ድምፃቸው እኩል ሆነ። አዋጁ በ2009 በአዋጅ ቁጥር 985 ሲተካም ይህ መሠረት አልተናደም።

በእኛ አገር ችግሩ የመጣው ከሕጉ ሳይሆን ከአሠራሩ ነው። በ2003 መንግሥት በመሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ። ጣሪያው ከጥቂት ወራት በኋላ ለአብዛኛው ሸቀጥ ሲነሳ ስኳርና የፓልም ዘይት በቁጥጥር ሥር ቀሩ፤ ማከፋፈያቸውም የሸማቾች ማኅበር ሆነ። ዘይቱ ሲገባ ሰልፉ ይረዝም፣ ሲጠፋ ሱቁ ጭር ይል ነበር። ከላይ የሚመጣለትን ብቻ የሚያድል ሱቅ ደግሞ የመግዛትና የመደራደር ሙያ አያዳብርም። ማኅበሩ ገንዘቡን አዙሮ ጤፉን ከገበሬዎች ዩኒየን በቀጥታ ሲገዛ ግን የመሀል ደላላው ድርሻ ለአምራቹም ለበላተኛውም ይተርፋል፤ የተቋቋመበትም ምክንያት ይኸው ነው።

እጣ ገዝታችሁ ደረሰኙን ሣጥን ውስጥ ያስቀመጣችሁ፣ የዘንድሮው ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ አትቅሩ። የኦዲት ሪፖርቱ ይነበብላችሁ፤ የትርፍ ድርሻችሁንም ጠይቁ።