በጨለማ የሚያየው ዓይን ከየት መጣ?

በማታው ትምህርት ላይ ነበርን። ድንገት ነፋስ መጣና ኩራዙን አጠፋው። በበሩ የሚገባው የጨረቃ ብርሃን ብቻ ቀረ። መጀመሪያ ማናችንም ምንም አላየንም። ትንሽ ቆይቶ ግን የጎረቤታችን ፊት ታየን። አንዲት እናት ነጠላቸውን እያዩ፣ «ጥለቱስ ይታየኛል፤ ቀይ ይሁን አረንጓዴ ግን አልለየውም። ለምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ቀጥለውም፣ «ልጄማ ከመሸ ወዲህ ጭራሽ አያይም፤ ይደናበራል» አሉን። ይህን የጻፍነው ለሁለቱም ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው።

ሁለት ዓይነት ሕዋሳት

ሰውነታችን እጅግ ጥቃቅን ከሆኑ ሕዋሳት የተሠራ ነው። በዓይናችን ውስጥ፣ ከበስተኋላው፣ ብርሃን የሚቀበሉ ሕዋሳት አሉ። ዓይነታቸው ሁለት ነው። አንደኛው ሾጣጣ ነው። ብዙ ብርሃን ይፈልጋል፤ ቀለም የሚለየውም እሱ ነው። በአንድ ዓይን 6 ሚሊዮን ያህል አለ። ሁለተኛው ዘንግ ይመስላል። ቀለም አይለይም፤ ግን ትንሽ ብርሃን ይበቃዋል። እሱ 120 ሚሊዮን ያህል ነው። ኩራዙ ሲጠፋ ጥቂት ቆይቶ ያየልን ይኸው ዘንግ መሰሉ ነው። የጥለቱ ቀለም ያልታወቀውም ለዚህ ነው።

በሁለቱም ሕዋሳት ውስጥ ብርሃን የሚይዝ ነገር አለ። ዋናው ክፍሉ ኦፕሲን ይባላል። ኦፕሲን እንዴት እንደሚሠራ የሚያዘው ጂን ነው። ጂን ማለት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የአሠራር ትእዛዝ ነው። በሕዋስ ውስጥ ልክ እንደ ጽሑፍ ሰፍሮ ይገኛል።

አንዱ መስመር ሁለት ጊዜ ሲጻፍ

ከጥቁር ሰሌዳ ስትገለብጡ አንዳንዴ አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ ትጽፉ የለም? ጂንም ሲገለበጥ እንዲህ ያጋጥመዋል። እስቲ «በላ» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ተጻፈ እንበል። በአንደኛው ላይ «ላ» በ«ራ» ብትለወጥ «በራ» ይሆናል። ፊተኛው ቃል አልጠፋም፤ አዲስ ቃል ግን ተገኘ። የዓይን ጂኖችም የበዙት በዚሁ መንገድ ነው።

ተመራማሪዎች የብዙ እንስሳትን ጂኖች አስተያይተዋል። ከ500 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ የጀርባ አጥንት ያላቸው የጥንት እንስሳት በባሕር ይኖሩ ነበር። እነሱም 5 ዓይነት የኦፕሲን ጂን ነበራቸው። አራቱ ለሾጣጣዎቹ፣ አንዱ ለዘንግ መሰሉ። የዘንግ መሰሉ ጂን የተገኘው ከሾጣጣው ጂን ቅጂ ነው። እንግዲህ የቀኑ ዓይን ቀደመ፤ የማታው ከእሱ ወጣ ማለት ነው።

ዶሮ አምስቱንም ዛሬም ይዛለች። ቀለም በመለየት ትበልጠናለች። ዘንግ መሰሎቿ ግን ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ገና ሲመሽ ቆጥ ላይ ትወጣለች።

የጥንት አጥቢ እንስሳት ግን ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት በሌሊት ይንቀሳቀሱ እንደነበር ተመራማሪዎች ያስረዳሉ። በጨለማ ቀለም ምን ያደርጋል? የማይሠራበት ጂን ቢበላሽ እንስሳው አይጎዳም። ከአራቱ የቀለም ጂኖች ሁለቱ ጠፉ። ላምና ፍየል እስከ ዛሬ ሁለት ብቻ ነው ያላቸው። ቀዩን በርበሬ ከአረንጓዴው እንደኛ አይለዩም። ሰውንና ዝንጀሮን ባስገኘው የዘር ሐረግ ግን አንዱ ጂን እንደገና ተደገመ። ይህ የሆነው ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። የእኛ ሦስት የሆነው በዚህ ነው። ጄረሚ ናታንስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1986 የሰውን የቀለም ጂኖች ለይተው አነበቡ።

ውርስ ብቻውን አይበቃም

ታዲያ የልጁ ነገርስ? ኦፕሲን ብቻውን ብርሃን አይዝም። ከቪታሚን ኤ የሚገኝ ክፍል አብሮት መኖር አለበት። ጆርጅ ዋልድ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1933 ቪታሚን ኤ በዓይን ውስጥ እንዳለ አገኘ። በ1967 የኖቤል ሽልማት ተሸለመ። የኦፕሲንን ጂን ከወላጆቻችን እንወርሳለን። ቪታሚን ኤ ግን አይወረስም፤ ከማዕድ ይገኛል እንጂ። ሲጎድል መጀመሪያ የሚደክመው ዘንግ መሰሉ ነው። ዳፍንት የምንለው ይህንን ነው። ቸል ከተባለ ልጁን ጨርሶ ሊያሳውረው ይችላል።

ስለዚህ ለልጆቻችን ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ጉበት እንስጥ። ጎመኑን ትንሽ ቅቤ ወይም ዘይት ይንካው። ሲመሽ የሚደናበር ልጅ ካለ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ እንውሰደው። እኚያ እናትም በማግስቱ ልጃቸውን ይዘው ሄደዋል። ከስንት ሚሊዮን ዓመት ጀምሮ ሲወራረስ የመጣውን ዓይን በአንድ ጭልፋ ጎመን ጉድለት አንጣ።