በካፋ የተወሰዱ ልጆች፣ የተገፉ ልጆች

የካፋ ስም ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው ቡናው፣ ደኑና ነገሥታቱ ናቸው። ልጆቻቸውን ያጡ ቤተሰቦች ታሪክ ግን እምብዛም አይነገርም።

ካፋ የራሱ ንጉሥ በነበረው ዘመንም ሰው ይሸጥ ነበር፤ ምርኮኞች በሲራራ ነጋዴዎች እጅ ወደ ጅማው የሂርማታ ገበያ ይሻገሩ ነበር። በ1890 ዓ.ም. መባቻ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ሲማረኩ መከራው በረታ። ጦርነቱ አገሩን አራቆተው፤ ከዚያም በካፋና በአጎራባቾቹ በጊሚራና በማጂ የባሪያ ፍንገላው ቀጠለ። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች። በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ግን ስንቱ ልጅ ደብዛው ጠፍቶ ቀርቷል።

የተወሰደን ልጅ ታሪክ መዝግቦ ማቆየት እንደሚቻል የሚያሳይ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1888 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በቀይ ባሕር ላይ ካስጣላቸው ልጆች መካከል 64ቱ፣ አብዛኞቹ ኦሮሞዎች፣ ደቡብ አፍሪካ በሚገኘው የላቭዴል ትምህርት ቤት ገቡ። የትውልድ ቦታቸው፣ የወላጆቻቸው ስምና የተጓዙበት መንገድ አንድ በአንድ ተጻፈ። ከእነርሱ አንዷ ቢሾ ጃርሳ በመምህርነት ሠለጠነች፤ የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር ስመ ጥር የትምህርት ምሁር ሆነ።

ዛሬም ካፋ ውስጥ ያልተዘጋ ሌላ ቁስል አለ፤ የማንጆዎች መገለል። ማንጆዎች ቀድሞ በአደን፣ ኋላም በማገዶና በከሰል ሽያጭ የኖሩ ሕዝብ ናቸው። ጎረቤቶቻቸው አብረዋቸው አይበሉም፣ አይጋቡምም ነበር። የደርግ የመሬት አዋጅ የእርሻ መሬት ቢያስገኝላቸውም ንቀቱ አልቀረም፤ በ1994 ዓ.ም. የታመቀው ቁጣ ደም አፋሰሰ። ጃፓናዊቷ ተመራማሪ ሳዩሪ ዮሺዳ ይህን ግጭት በጥልቀት አጥንታዋለች።

መገለሉ ክፍል ውስጥም ገብቷል። አጠገቡ የሚቀመጥ ያጣ፣ በስድብ የተሸማቀቀ ልጅ ትምህርቱን ያቋርጣል፤ ድህነትም ይገፋዋል። ወላጁም ልጁ የሚዋረድበትን ትምህርት ቤት አያምንም።

የካፋ ዞን ዋና ከተማ ቦንጋ ግን ለለውጥ መሠረቱ አላት፤ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ አሏት፣ በዞኑም ልጆች በካፋ ቋንቋ በካፊኖኖ ይማራሉ። የማንጆ ተወላጅ መምህራንን በብዛት ማሠልጠን፣ መድልዎን በትምህርት ቤት ደንብ በግልጽ መከልከል፣ ስለ ፍንገላው ሽማግሌዎች የሚያስታውሱትን በካፊኖኖ ቀድቶ ለታሪክ ክፍለ ጊዜ ማዋል ይቻላል። ሥራው ግን ከማንጆ ወላጆች ጋር ተቀምጦ፣ የደረሰባቸውን ከአፋቸው ሰምቶ መጀመር አለበት።