ግቢው የእኔ፣ ምሰሶው የመብራት ኃይል
በአቃቂ ቃሊቲ ማን፣ መቼና በምን መብት አጥር ተሻግሮ ይገባል?

አዲስ አበባ ወደ ደቡብ እየተዳፋች ትወርዳለች። የከተማዋ ፍሳሽም ቁልቁለቱን ተከትሎ ቃሊቲ ይደርሳል፤ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ የማጣራት አቅም ያለው ጣቢያ እዚያ ነው ያለው። የመጠጥ ውሃው መንገድ ተቃራኒ ነው፤ ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ተስቦ ሽቅብ ወደ መሀል ከተማ ይገፋል። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ኃይልም ወደ መዲናዋ የተሳበው በዚሁ በደቡብ በኩል ነው። በዚያው አካባቢ፣ በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለችው 6.6 ሜጋ ዋት የምታመነጨው አሮጌዋ የአባ ሳሙኤል ጣቢያ ደግሞ ለዓመታት ቆማ ከርማ በ2009 ዓ.ም. ታድሳ ተመልሳለች። እንግዲህ የአቃቂ ቃሊቲ ነዋሪ ከሌላው የከተማ ሰው ይልቅ ከቧንቧ፣ ከማንሆልና ከከፍተኛ መስመር ጋር ቢጎራበት አይገርምም። ጉርብትናው አንዳንዴ አጥር ውስጥ ድረስ ይዘልቃል፤ የመብራት ምሰሶ በግቢ ውስጥ፣ የፍሳሽ ማንሆል በጓሮ ሲሚንቶ ሥር ይገኛል።

ሕጉ በዚህ ጉዳይ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 13 የሰው መኖሪያ የማይደፈር መሆኑን ደንግጓል፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ መግባት የሚቻለው ሕግ ሲፈቅድ ብቻ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 ያንኑ አጽንቶታል። በሌላ በኩል ይኸው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለመሬቱ በቂ ካሳ ተከፍሎት ለሌላው መሬት የሚያስፈልግ የውሃና የኤሌክትሪክ መስመር በመሬቱ እንዲያልፍ የመፍቀድ ግዴታ ይጥልበታል። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ለኤሌክትሪክ ባለፈቃዶች፣ የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለቴሌኮም ኦፕሬተሮች የየዘርፉን ሥርዓት ያቆማሉ። ምሰሶው በግቢዬ ነው ብሎ ገመዱን ሊነካ የሚያስብ ካለ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 464/1997ን ያስታውስ፤ የቴሌኮምና የኤሌክትሪክ አውታር ላይ ሆን ብሎ ጉዳት ማድረስ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ምሰሶው የቆመበት መሬት የማንም ይዞታ ቢሆን ቅጣቱ አይለወጥም።

ካሳውን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚገመተው በላዩ ያለው ንብረት ነው፤ ቤቱ፣ ሰብሉ፣ ባሕር ዛፉ። የከፍተኛ መስመር ማማ የሚተከልበት ቦታ ለዘለቄታው ይወሰዳል። ከሽቦው ሥር ያለውን መሬት ግን ባለይዞታው ሊያርሰው ይችላል፤ ቤት መሥራትና ረጅም ዛፍ መትከል ነው የሚከለከለው። አቃቂ በአብዛኛው የእርሻ መሬት በነበረ ጊዜ ይህ ብዙ አላጣላም፤ ጤፍ ሽቦ አይነካም። ጠቡ የመጣው እርሻው ቀርቶ ቤት ሲበቅልበት ነው።

በየዕለቱ የሚያጋጥመው ግን ከዚህ ሁሉ ቀለል ያለ ነገር ነው። ቆጣሪ አንባቢው በሩን ይደበድባል፤ «ቆጣሪ!» ይላል። ውሻው ይጮሃል፤ የቤቱ ሰው ሥራ ሄዷል። ያልተነበበ ቆጣሪ በግምት ይሞላና ቢሉ ሲመጣ ጭቅጭቅ ይነሣል። የካርድ ቆጣሪ ይህን አቅልሎታል፤ ቆጣሪን ከበረንዳ አውጥቶ አጥር ላይ መትከልም እንዲሁ። በእኔ አስተያየት ከብዙ አንቀጽ ይልቅ ይህ ትንሽ የቦታ ለውጥ ሰላም ያወርዳል። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዘንድ መልኩ ይለያል። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ደረጃው፣ ኮሪደሩና መሰል ቦታዎች የጋራ ንብረት ናቸው። በቱሉ ዲምቱ ወይም በገላን ኮንዶሚኒየም የቆጣሪ ክፍሉ ቁልፍ ጠፋ ሲባል ተጠያቂው የሕንፃው ማኅበር እንጂ የአንድ ቤት ባለቤት አይደለም።

ሌላው ዓለም መደበኛ ጉብኝትንና ድንገተኛ አደጋን ለይቶ ያያል። እንግሊዝ በ1954 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የጋዝና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሚገባው በነዋሪው ፈቃድ ወይም በፍርድ ቤት ማዘዣ ነው፤ አደጋ ሲኖር ግን አይጠብቅም። ሕንድ በ1885ቱ የቴሌግራፍ ሕግ ለመስመር ዘርጊው በሰው መሬት የመጠቀም መብት ብቻ ሰጥታ የመሬቱን ባለቤትነት ለባለቤቱ ተወች። እኛ ዘንድ በር ላይ ያለው አሠራር በአብዛኛው በልማድና በመልካም ፈቃድ የሚሄድ ነው። ትራንስፎርመር ሲፈነዳ ልማዱ በቂ ነው፤ በጨለማ የተቀመጠ ሰው ጠጋኙን ከበር አይመልስም። ለቅርንጫፍ ምልመላ ወይም ለአዲስ ቧንቧ ቁፋሮ ግን የጽሑፍ ማስታወቂያ ቢለመድ ጥሩ ነበር።

የሚያስገርመው ተቋማት እርስ በርስ ሲነጋገሩ ቀን የተቆረጠላቸው መሆኑ ነው። በ1161/2011 የተተካው አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱ ለልማት ሲፈለግ መስመር ያለው ተቋም በ30 ቀን ግምቱን እንዲያሳውቅ፣ በሌላ 30 ቀን እንዲከፈለው፣ ከዚያም በ60 ቀን መስመሩን እንዲያነሣ ይል ነበር። ሆኖም መንገድ ለምን ዘገየ ሲባል ዛሬም «የወሰን ማስከበር ችግር» የምትለው መልስ ከአፍ አትጠፋም፤ መሀል መንገድ የቆመ ምሰሶም አስፋልቱ አልፎት ይታያል።

የችግሩ ሥር ወረቀት ላይ ያለ ይመስለኛል። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ከመብት ጋር ክልከላና ኃላፊነትም እንዲመዘገብ አዟል። በጓሮ የሚያልፍ የፍሳሽ መስመር ወይም በጣሪያ ላይ የሚሻገር ሽቦ ክልከላ ነው፤ የሚጻፍበትም ቦታ እዚያ ነበር። ካርታው ላይ እስካልሰፈረ ድረስ ግን ሻጩ አይናገርም፣ ገዢው አይጠይቅም፣ ተቋሙም የሚመጣው መስመሩ ሲበላሽ ነው። ያን ጊዜ ግቢው በሴራሚክ ተሸፍኗል፤ ማንሆሉ ሰርቪስ ቤት ተሠርቶበታል።

በአቃቂ ቃሊቲ ግቢ ሊገዙ ወይም አጥር ሊያጥሩ ያሰቡ ሁሉ ስለዚህ ከመሬት አስተዳደር ቢሮ በተጨማሪ የመብራት ኃይልንና የውሃና ፍሳሽን ቅርንጫፍ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሠራተኛ ነኝ ብሎ በር የሚያንኳኳውንም መታወቂያ ይጠይቁ፤ ከጠረጠሩ ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የጥሪ ማዕከል 905 ይደውሉ። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ግቢውን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ፤ ካሳ የሚጠየቀው በማስረጃ ነው።