የስትራውስ ቤተሰብ፦ ከሳህን ንግድ እስከ ወተት ማደያ

ስትራውስ በኒው ዮርክ ማሲስ የተባለውን ትልቅ መደብር ለረጅም ዘመን የመራ አይሁዳዊ የነጋዴ ቤተሰብ ነው። የቤቱ አባወራ ላዛረስ እ.ኤ.አ. በ1852 ከባቫሪያ ግዛት ወደ አሜሪካ ተሰዶ በጆርጂያ ገጠር ሸቀጥ በጋሪ እያዞረ ይሸጥ ጀመር። ታልቦተን በምትባል ትንሽ ከተማም ሱቅ ከፈተ፤ ሚስቱና ልጆቹ ከሁለት ዓመት በኋላ ተከትለውት ወደዚያው መጡ። እዚያ ቤተሰቡ ባሪያዎች ነበሩት፤ ታሪኩ ሲነገር ይህ መታለፍ የለበትም። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ላዛረስ ወደ ኒው ዮርክ ተዛውሮ ከልጆቹ ጋር የሳህን፣ የስኒና የብርጭቆ ንግድ አቋቋመ።

ማሲስን በ1858 የከፈተው ሮውላንድ ማሲ የቀድሞ መርከበኛ ነበር። ስትራውሶች በ1874 የመደብሩን ምድር ቤት ተከራይተው ዕቃቸውን ደረደሩ። በ1888 ሸሪክ ሆኑ፤ በ1896 የላዛረስ ልጆች ኢሲዶርና ናታን መደብሩን ሙሉ በሙሉ ያዙት። በ1902 ወደ 34ኛው ጎዳና ሲያዛውሩትም የማሲን ስም ከበሩ ላይ አላነሱም። የራሳቸው ስም የተጻፈው ሌላ ቦታ ነው።

ኢሲዶርና ሚስቱ አይዳ በ1912 ታይታኒክ ስትሰጥም አብረው ሞቱ። እሱ ሌሎች ወንዶች ሳይሳፈሩ ጀልባ አልገባም አለ፤ እሷም ከባሏ መለየት እምቢ ብላ የፀጉር ካፖርቷን ለሠራተኛዋ ሰጥታ ቀረች። በማንሃታን መታሰቢያ ፓርክ አላቸው። የኢሲዶርና የናታን ታናሽ ወንድም ኦስካር በ1906 የንግድና የሥራ ሚኒስትር ሆኖ በአሜሪካ ካቢኔ የመጀመሪያው አይሁዳዊ ሆነ።

ብዙ ነፍስ ያተረፈው ግን የናታን ሥራ ነው። በዚያ ዘመን ወደ ከተማ የሚገባው ጥሬ ወተት የሳንባ ነቀርሳና የተቅማጥ ጀርም ይዞ ሕፃናትን ይፈጅ ነበር። መፍትሔው ይታወቅ ነበር፤ ወተቱን ሳያፈሉ ለተወሰነ ጊዜ አሙቆ ወዲያው ማቀዝቀዝ። ናታን በ1893 በኒው ዮርክ ምሥራቃዊ ወደብ የወተት ማደያ ከፍቶ የታከመውን ወተት በርካሽ ሸጠ፤ ለደኻም በነፃ ሰጠ። ጥሬ ወተት ይሻላል የሚሉ ሐኪሞች ቢቃወሙትም ማደያዎቹን ወደ ሌሎች ከተሞች አስፋፋ፤ ወተት ሁሉ በሕግ እንዲታከምም ያለመታከት ተሟገተ።

በኋላም ከሀብቱ ትልቁን ድርሻ ለፍልስጤም ምድር ሰጠ፤ በኢየሩሳሌም የጤና ማዕከል አሠራ። በ1929 በሜዲትራኒያን ዳርቻ የተቆረቆረችው ኔታንያ የተሰየመችው በእሱ ስም ነው። ዛሬ ኔታንያ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ከሚኖሩባቸው የእስራኤል ከተሞች አንዷ ናት።