የአሠራር ለውጥ በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በነጋዴ ቤት

የቈየ አሠራርን መለወጥ ለመንግሥት መሥሪያ ቤትም ሆነ ለነጋዴ ቀላል ሥራ አይደለም። ሁለቱ የሚለውጡበት መንገድ ግን እጅግ የተለያየ ነው። ይህንንም የጅማ የቡና ንግድ ታሪክ በግልጽ ያስረዳል።

ቀድሞ የጅማ፣ የአጋሮና የሊሙ አቅራቢ ከሰብሳቢ የገዛውን ቡና በካሚዮን ጭኖ እስከ አዲስ አበባ በመላክ በጨረታ ይሸጥ ነበር። ላኪው የቡናውን መምጫና ባለቤቱን ዐውቆ ይገዛል፤ አቅራቢው ግን ገንዘቡ እጁ እስኪገባ ድረስ በሰው ቃል ተማምኖ የሚቈይበት ጊዜ ነበር።

ይህን ለማሻሻል የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት በወጣው ዐዋጅ ቍጥር 602/2000 መሠረትም ቡና ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በዚሁ ገበያ በኩል ይሸጥ ጀመር። ለቀማው ገና አላበቃም ነበር። በአዲሱ ሥርዓት ቡናው በጅማ መጋዘን ይመዘናል፣ ይቀመሳል፣ ደረጃ ይሰጠዋል፤ ባለቤቱ የመጋዘን ደረሰኝ ይቀበላል፤ ሽያጩ በተፈጸመ ማግሥትም ገንዘቡ ባንክ ይገባለታል። ይህ ለአቅራቢው ታላቅ ዕረፍት ነበር።

ነገር ግን አንዱ ሲገኝ ሌላው ጠፋ። አንድ ዐይነትና አንድ ደረጃ የሆነ ቡና ሁሉ በአንድነት ስለሚሸጥ፣ ላኪው ቡናው ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደ መጣ ለውጭ ደንበኛው ለመንገር ተቸገረ። ተጠንቅቆ ያጠበውም ሰው ድካሙ ከጎረቤቱ ጋር ተደባለቀበት። ዐዋጁ ለመላው አገር በአንድ ጊዜ የወጣ ስለ ሆነ፣ የአንድን አውራጃ ችግር ለብቻው ማቃናት አስቸጋሪ ነበር። ለአቅራቢና ለላኪ የቀጥታ ግብይት በር የከፈተው ዐዋጅ ቍጥር 1051/2009 የወጣው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው።

በዚህ መካከል የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በዩኒየናቸው በኩል በቀጥታ እንዲልኩ ይፈቀድላቸው ነበር። በአጋሮ አካባቢ የሚገኘው የዱሮሚና ማኅበር አባሎች ጀንፈል ከማድረቅ ይልቅ ቀይ እሸት ለቅመው በአንድ ጣቢያ ማጠብ ጀመሩ፤ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ2012 ማኅበሩ በአፍሪካ የቡና ቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጣ። በአንድ ጣቢያ የተጀመረ ለውጥ ውጤቱ ቶሎ ይታያል፤ ቢበላሽም ጉዳቱ ከጣቢያው አያልፍም።

የነጋዴ ብልጫ ይኸው ነው። አንድ የመግዣ ጣቢያ ለይቶ ይሞክራል፤ ካልተስማማው በሚቀጥለው መኸር ይመለሳል፤ ኪሳራው ግን የራሱ ነው። መንግሥት ያሰበውን በዐዋጅ ጽፎ ለሁሉ ያሳውቃል፤ ብዙ የንግድ ቤት ግን አዲሱን አሠራር ለመዛኙና ለሒሳብ ጸሓፊው የሚነግረው ሥራው በተጀመረበት ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ ሚዛንና መዝገብ ቢጣሉ፣ ጥፋቱ የሠራተኛው ብቻ ሊባል አይገባም።

ስለዚህ አሠራሩን ሊለውጥ ያሰበ ነጋዴ ለቀማ ሳይጀመር በክረምት ወራት ያስብበት፤ አሳቡን በጽሑፍ ለሠራተኞቹ ያስታውቅ፤ ከገበሬው ፊት ቆሞ የሚያስረዳ ሰብሳቢው ስለ ሆነ፣ ለእርሱ አስቀድሞ ይንገረው፤ አሮጌውንም መዝገብ ከአዲሱ ጎን አንድ መኸር ሙሉ ያቈየው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ የፈሰሰ ቡና ይለቀም ይሆናል፤ የፈሰሰ የደንበኛ እምነት ግን በቀላሉ አይለቀምም።