«ዶክተር፣ በየት በኩል ልራመድ?»፦ ስለ ጎንደር መንገድና ስለ ደም ግፊታችን

ዛሬ ስለ ክኒን ሳይሆን ስለ መንገድ ነው የማወራችሁ። «ዶክተሩ ደግሞ ከመንገድ ጋር ምን አገናኘው?» እንዳትሉ፤ እስከ መጨረሻው አንብቡትና ፍረዱ።

ግንቦት ላይ አንዲት እናት ለክትትል መጡ (ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ)። ዕድሜያቸው 60 ገደማ ነው። ደም ግፊትም ስኳርም አለባቸው። ክኒናቸውን ሳያቋርጡ ይወስዳሉ፣ ጨውም ቀንሰዋል፤ ግፊታቸው ግን አልወርድ ብሏል። ስንጨዋወት ነገሩ ገባኝ። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሲመጡም ሲመለሱም በባጃጅ ነው።

እኔም እንደ ልማዴ «በቀን 30 ደቂቃ በእግርዎ ይሂዱ» አልኳቸው።

ፈገግ ብለው «የኔ ጌታ፣ መሄዱንስ እሄድ ነበር። ግን በየት በኩል ልሂድ? ዳሩን ሻጩ ይዞታል፣ የጎርፍ መውረጃው ክፍት ነው፣ ወደ መሀል ብገባ ደግሞ ባጃጁ ሊወስደኝ ነው» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። ከፋርማሲ የጠፋ መድኃኒት ያዘዝኩላቸው ያህል ተሰማኝ።

በእግር መሄድ እንዴት መድኃኒት ይሆናል?

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ይህ ማለት በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ነው። ጂም አያስፈልግም፤ ፈጠን ያለ ወክ ይበቃል። ልኩን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ፦ እየሄዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ ፍጥነታችሁ ትክክል ነው።

ደም ግፊት ያለበት ሰው ይህን አዘውትሮ ቢያደርግ የላይኛው ቁጥር በአማካይ ከ5 እስከ 8 ሊወርድለት ይችላል። ይህ ትንሽ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ክኒን ከሚያወርደው ብዙም አይርቅም። ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ ከምግብ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መሄድ ብቻውን የስኳሩን ሽቅብ መውጣት ያበርዳል፤ ምክንያቱም የእግር ጡንቻ ሲሠራ ስኳሩን ከደም እየሳበ ያቃጥለዋል።

ጎንደር እኮ ለእግር የተሠራች ከተማ ናት

ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ሲቆረቁሩ መኪና የሚባል ነገር አልነበረም። ግቢው፣ አብያተ ክርስቲያናቱና ገበያው ሁሉ በእግርና በበቅሎ እንዲደረስባቸው ሆነው ነው የተቀመጡት። በኋላም ጣሊያን ፒያሳን ሲሠራ ያው ግቢው ጥግ ነው የሠራው። ዛሬም ከፒያሳ እስከ ፋሲል መዋኛ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልስ ቢሄዱት የቀኑ መጠን ሞላ ማለት ነው። ዳገቱም ቢሆን በነጻ የተሰጠን ጂም ነው።

ግን እውነቱን እንነጋገር። እኔ ራሴ የ10 ደቂቃ መንገድ ሆኖ ባጃጅ የማስቆምባቸው ቀናት አሉ። ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከወገራ ገጠር የሚመጡ ዘመዶቻችን ግን ለገበያ ብቻ ደርሶ መልስ ብዙ ሰዓት ይጓዛሉ። ያው ሰው ከተማ ገብቶ ሱቅ ወይም ቢሮ ሲቀመጥ እንጀራውም ወጡም አይቀየርም፤ እግሩ ብቻ ሥራ ይፈታል። ግፊቱና ስኳሩም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይከተላሉ።

ባጃጅ ጠላታችን አይደለም

የብዙ ወጣት እንጀራ ነው። ነፍሰ ጡር፣ አቅመ ደካማ፣ ዕቃ የያዘ ሰው፣ ድንገተኛ በሽተኛ፣ ሁሉም ያስፈልገዋል። ጥያቄው ለእያንዳንዷ አጭር መንገድ ያስፈልጋል ወይ ነው። ባጃጅ 3 ሰው ነው የሚጭነው፤ አንድ አውቶቡስ የሚያደርሰውን 60 ሰው ለማድረስ 20 ባጃጅ መንገድ ላይ መውጣት አለበት። ሃያ ሞተር፣ ሃያ የጭስ ማውጫ።

ስለ ጭሱም ልንገራችሁ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በአምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ለዚህ አየር በደንብ ያልተስተካከለ ሞተር ነዳጁን አቃጥሎ አይጨርስም፤ በተለይ ዳገት ላይ ሲያቃስት ካርቦን ሞኖክሳይድና ጥቀርሻ ይለቃል። ከብናኙ ውስጥ ደቃቁ ከጸጉራችን ውፍረት 30 ጊዜ ያህል ያነሰ በመሆኑ አፍንጫ አያስቀረውም፤ ሳንባ ውስጥ ዘልቆ ወደ ደም ይገባል። አስም ይቀሰቅሳል፤ ከልብ ሕመምና ከስትሮክ ጋርም ይያያዛል።

ይህን ጭስ ከሁሉ በላይ የሚተነፍሰው ማን ነው? ራሱ የባጃጅ ሹፌሩ፣ መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብሰዋ እናት፣ ሊስትሮው፣ ተማሪው።

መሻገር የሞት ሽረት ሲሆን

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ደግሞ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። ከሟቾቹ ከግማሽ በላዩ እግረኞች፣ ብስክሌት ነጂዎችና ባለ ሁለትና ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ላይ ያሉ ናቸው። በአዲስ አበባም አብዛኞቹ ሟቾች እግረኞች ናቸው።

ፍጥነት ላይ ያለው ሒሳብ ቀላል ነው፦ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ30 ከሚሄደው 4 እጥፍ ጉልበት ይዞ ነው የሚመታው። አጥንትና ጭንቅላት ይህን አይችሉም። ድንገተኛ ክፍል አዳር ተረኛ የሆነ ሐኪም ይህን ከመጽሐፍ ማንበብ አያስፈልገውም።

ይቻላል ወይ?

አዎ፣ እኛው አገር ተሞክሯል። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች «መንገድ ለሰው» ተብሎ ዋና ዋና ጎዳናዎች ለተወሰነ ሰዓት ለመኪና ተዘግተው ሕዝቡ ሮጠባቸው፣ ልጆች ተጫወቱባቸው፤ የጤና ምርመራም ተደረገ። እንደኛ ደጋ ላይ ያለችው የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ደግሞ (ከፍታዋ 2,600 ሜትር ገደማ ነው) እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ይህንኑ ታደርጋለች። አሁን በየእሑዱና በበዓላት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ጎዳና ለእግረኛና ለብስክሌት ትለቃለች።

ሩቅ ሳንሄድ ደግሞ ጥምቀት አለልን። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ያ ሁሉ መንገድ የሰው ነው። አሮጊቱም፣ ሕፃኑም፣ ሽማግሌውም በእግሩ ይሄዳል፤ መኪናው ቆሞ ይጠብቃል። ማንም «ከተማው ቆመ» አይልም፤ እንዲያውም ጎንደር ከመቼውም በላይ ያማረባት ያን ቀን ነው። እኔ የምለው፣ ከዚያ በዓል ትንሿን ቁራሽ ለአዘቦቱ ቀን እናቆይ ነው።

በቅርቡ በከተማችን የኮሪደር ልማት ሲሠራ የእግረኛ መንገድ አብሮ መሠራቱ ደስ ይላል። ግን ዋናው ጎዳና ላይ ብቻ ቀርቶ ሰፈር ውስጥ ካልገባ፣ ተሠርቶም ሸቀጥና መኪና ከቆመበት፣ ያቺ እናት አሁንም መሀል አስፋልት ላይ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1954 ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ሳኒታሪያኖችን አሠልጥኖ የላከው ሽንት ቤት እንዲቆፈር፣ ምንጭ እንዲጎለብት ነበር። ያኔ ሕመም የሚመጣው በቆሸሸ ውኃ ነበር። ዛሬ ውኃው ላይ መቀመጥ ተጨምሯል። ስለዚህ ለኔ ደህና የእግረኛ መንገድ እንደ ንጹሕ ውኃ ሁሉ የጤና ሥራ ነው።

እስከዚያው ምን እናድርግ?

1. ከ20 ደቂቃ በታች የሆነ መንገድ በእግር። ሩቅ ከሆነ ከመድረሻችሁ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ውረዱ።

2. ትራፊክ ሳይበዛ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ውጡ። ከጎረቤት ጋር ብትሆኑ አታቋርጡም።

3. የእግረኛ መንገድ በሌለበት በግራ በኩል፣ የሚመጣው መኪና እየታያችሁ ሂዱ። ሲመሽ ነጣ ያለ ልብስ ልበሱ፤ በተለይ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው አስፋልት ዳር ለምትሄዱ።

4. ስኳር ያለባችሁ፦ ጣት የሚሸፍን ምቹ ጫማ አድርጉ፤ ማታ ማታ እግራችሁን ለቁስል ፈትሹ። ኢንሱሊን የምትወስዱ ከረሜላ ኪሳችሁ ይኑር።

5. ደረታችሁን ካፈናችሁ፣ ካዞራችሁ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ ወዲያው ቁሙና ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

6. የባጃጅ ሹፌር ወንድሞቼ፦ ተራ ስትጠብቁ ሞተር አጥፉ፣ ወርዳችሁ ትንሽ ተንቀሳቀሱ። ወገባችሁም ያመሰግናችኋል።

7. ባለ ሱቆች፦ ደጃፋችሁ ላይ ያለው የእግረኛ መንገድ የእናታችሁም መንገድ ነው። አንድ ሜትር ልቀቁ።

8. በቀበሌና በከተማ ስብሰባ ላይ ስለ ውኃና መብራት ስትጠይቁ ስለ እግረኛ መንገድም ጠይቁ።

ያቺ እናትስ? ጠዋት ጠዋት ከጎረቤታቸው ጋር ለመሄድ ተስማማን። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሲመጡ ግፊታቸው ወረድ ብሏል፤ ፊታቸውም ፈክቷል። «እሰይ!» አልኩ። ክረምቱ ሲገባ ግን መንገዱ ጭቃ ሆነ፤ አንድ ቀን አዳልጧቸው ወደቁ። እግዚአብሔር ይመስገን አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ፍርሃቱ ግን ቀረ። ወደ ባጃጁ ተመለሱ። ነሐሴ ላይ ስለካቸው ቁጥሩም ተመልሷል።

ሌላ ክኒን ጨመርኩላቸው። ከዚያ በላይ ልሰጣቸው የምችለው አልነበረኝም። የጎደላቸው ግን ክኒን አልነበረም፤ ከቤታቸው እስከ ሱቃቸው የሚያደርስ ደረቅ የእግረኛ መንገድ ነበር።

በእናንተ ሰፈር እግረኛ የሚቸገርበት ቦታ የት ነው? ጻፉልኝ። ይህን ጽሑፍም ለወላጆቻችሁ አንብቡላቸው፣ ለጓደኞቻችሁ ሼር አድርጉ። መልካም ወክ፣ ጤና ይስጥልን!