ፍላሹን ወደ ኮርኒሱ አዙሩት

ሠርግ ደግሶ ፎቶ አንሺ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ካሜራው ነው። ስንት ሜጋፒክስል እንደሆነ፣ ሞዴሉ አዲስ እንደሆነ፣ ድሮን ይኑር አይኑር ይጠይቃል። ካሜራው አናት ላይ ስለሚሰካው ፍላሽ የጠየቀኝ ደጋሽ ግን አላስታውስም። እኔ የሠርግ አልበም ስገልጥ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ጥላው ነው። ከሙሽራው ጆሮ ጀርባ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ ተለጥፎ ካየሁ፣ ያ ፍላሽ ሠርጉን ሙሉ ፊት ለፊት ሲተኩስ እንደዋለ አውቃለሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፍላሹ የአራት ባትሪ ድንጋይ ትንሽ ኃይል ወደ 300 ቮልት ገደማ ከፍ አድርጎ ካፓሲተር ውስጥ ያጠራቅማል፤ ቁልፉ ሲጫን በዜኖን ጋዝ በተሞላ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ባንዴ ይለቀዋል። ካፓሲተሩ ባትሪው ከወጣ በኋላም ኃይል ይዞ ስለሚቆይ፣ ተበላሸ ብላችሁ ቤት ውስጥ በመፍቻ አትክፈቱት። በ1887 እ.ኤ.አ. አዶልፍ ሚተ እና ዮሐንስ ጌዲኬ የተባሉ ጀርመናውያን የማግኒዚየም ዱቄት ለፎቶ ብርሃን እንዲሆን አዘጋጅተው ነበር። ዱቄቱ ሲቀጣጠል ቤቱን በጭስ ይሞላል፣ አንዳንዴም እጅ ያቃጥላል። በ1930ዎቹ አሜሪካዊው መሐንዲስ ሃሮልድ ኤጀርተን ያለጭስ ደጋግሞ የሚበራውን የኤሌክትሪክ ፍላሽ ለፎቶ አዋለው፤ ዛሬ በየሠርጉ የሚብለጨለጨው የእሱ ዘር ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልግባ። ብዙ ወጣት ፎቶ አንሺዎች “እኔ ፍላሽ አልወድም፣ የተፈጥሮ ብርሃን ነው የምወደው” ይላሉ። ፍላሽ ፊት ያነጣል፣ ግንባር ያብለጨልጫል፣ ሰውን ያደርቃል ይባላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ትንሽ ብርሃን ፊት ለፊት ሲመጣ ነው። የብርሃንን ልስላሴ የሚወስነው ምንጩ ከሚበራለት ሰው አንጻር ያለው ስፋት ነው። የፍላሹ መስኮት የክብሪት ቀፎ ታህላለች፤ ከሁለት ሜትር ላይ ፊት ለፊት ስትተኩስ ጥላዋ በምላጭ እንደተቆረጠ ይሆናል። ያንኑ ፍላሽ አንገቱን ቀና አድርጋችሁ ወደ ነጭ ኮርኒስ ብታዞሩት፣ ብርሃኑ ኮርኒሱ ላይ ሁለት ሜትር ያህል ተበትኖ ይመለሳል። በዚያች ቅጽበት የሙሽሪት መብራት ኮርኒሱ ሆነ ማለት ነው። ቆዳዋ ቅርጹን ይዞ ይወጣል፣ ጠይም ፊት ጠይምነቱን አይለቅም።

አዟዟሩም ወግ አለው። ብርሃኑ ልክ ከሙሽሪት አናት በላይ ካረፈ የዓይኗ ጉድጓድ ይጨልማል። ስለዚህ ፍላሹ ከፎቶ አንሺው ትከሻ ኋላ ወዳለው ኮርኒስ፣ አለዚያም ወደ ጎን ግድግዳ ይዙር። ከጎን የመጣ ብርሃን አንዱን ጉንጭ አብርቶ ሌላውን በስሱ ያጠላል፤ ከመስኮት አጠገብ የቆመች ያስመስላታል። ክፍያው ብርሃኑ መንገድ ላይ መቀነሱ ነው። አይ ኤስ ኦውን ወደ 800 ወይም 1600 ከፍ አድርጉ፣ አፐርቸሩን ወደ 4 ክፈቱት፤ የዛሬ ካሜራ ይህን ያለችግር ይችላል።

የሙሽሪት ቤት ለዚህ ሥራ ከአዳራሹ ይበልጥብኛል። ኮርኒሱ ዝቅ ያለ ነው፣ ግድግዳው ቅርብ ነው። አደጋው ቀለሙ ነው። ብርሃን የነካውን ቀለም ይዞ ይመለሳል። ግማሽ ድረስ አረንጓዴ የዘይት ቀለም የተቀባ ሳሎን ውስጥ ፍላሹን ወደ ጎን ካዞራችሁ፣ የሙሽሪት እናት ጉንጭ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፣ ቬሎውም የታጠበ ሣር ይመስላል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ወደ ላይ ብቻ ነው መተኮስ። ኮርኒሱም ጠቁሮ ከሆነ ሌላ ነጭ ነገር ይፈለጋል። አንድ ቀን የካ አካባቢ በነበረ ሠርግ፣ አንድ ሚዜ ሶፋ ላይ የተጣጠፈ ጋቢ አንስቶ “ይሄ አይሆንም?” አለኝ። ከጎኔ ከፍ አድርጎ ዘረጋው፣ ፍላሹን ወደ ጋቢው አዞርኩት። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ያነሳሁት ፎቶ የመጣው ከዚያ ጋቢ ነው። ጥጥ ነው፣ ነጭ ነው፣ ሰፊ ነው፤ በየቤቱም አለ።

ስለ ሜካፕ አንድ ቃል። አንዳንድ የፊት ዱቄትና የፀሐይ መከላከያ ሲሊካ፣ ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ አለበት። በዓይን ሲታይ ምንም አይመስልም፤ ፊት ለፊት ፍላሽ ሲመታው ግን ከዓይን ሥር አመድ የተነሰነሰ ይመስላል። ሙሽሪት ሜካፕ ሠሪዋን ትወቅሳለች፣ ሜካፕ ሠሪዋ ፎቶ አንሺውን ትወቅሳለች። ሠርጉ ሳይደርስ፣ በሙከራው ቀን፣ አንድ ፎቶ በፍላሽ ማንሳት ይህን ጣጣ ይጨርሰዋል።

ፍላሹ ላይ የምትደፋውን ነጭ የፕላስቲክ ቆብ በተመለከተ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ቤት ውስጥ ብርሃኑን ወደ ግድግዳና ኮርኒስ ስለምትበትን ትጠቅማለች። ሜዳ ላይ ግን፣ መናፈሻ ውስጥ፣ ሰማይ ኮርኒስ በሆነበት ቦታ፣ ቆቧን ደፍቶ የሚተኩስ ባልደረባ ስንት ጊዜ አያለሁ! የሚመልሰው ነገር ስለሌለ አብዛኛው ብርሃን በኖ ይቀራል፤ ባትሪው ያልቃል፣ ጥላው እንደነበረው ነው። ሜዳ ላይ ቆቧን አውልቁ። የጥር እኩለ ቀን ፀሐይ ከአናት ስትወርድ ዓይን ስለምታጨልም፣ ፍላሹን ፊት ለፊት በትንሽ ኃይል ማብራት ተገቢ የሚሆነው እዚያ ነው። ፍላሽ ለጨለማ ብቻ ነው ያለው ማነው?

አዳራሽ ሲገባ ኮርኒሱ ይርቃል፣ ብዙ ጊዜም ጥቁር ነው። ፊት ለፊት መተኮስ እዚህም አያዋጣም፤ ሁለት ሜትር ላይ ያለው እንግዳ ከሚያገኘው ብርሃን አራት ሜትር ላይ ያለው የሚደርሰው ሩቡ ብቻ ነው። የፊተኛው ይነጣል፣ የኋለኛው ይጠፋል። አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ እናት “ልጄ፣ ይሄን መብረቅ ከፊቴ አንሳልኝ” ብለውኛል፤ እውነታቸውን ነው። እኔ ሁለተኛ ፍላሽ በእግር ላይ አቁሜ ነጭ ጃንጥላ አድርጌበት በሬዲዮ አስነሳዋለሁ፣ ከእንግዶቹ ዓይን መስመር ወጣ አድርጌ። የመዝጊያውን ፍጥነት ደግሞ 1/60 ላይ ዝቅ ካደረጋችሁት የዲኮሩ መብራት ከኋላ ይገባል። ከ1/250 በላይ ካሳለፋችሁት ግን፣ በብዙ ካሜራ ላይ የፎቶው አንድ ወገን በጥቁር መስመር ይሸፈናል።

እስክስታ ሲደምቅ መዝጊያውን እስከ 1/15 አዝግሙት፤ ፍላሹንም መዝጊያው ሊዘጋ ሲል እንዲበራ አድርጉት። የትከሻው ንቅናቄ በአዳራሹ ብርሃን እየተሳበ ይመዘገባል፤ መጨረሻ ላይ ፍላሹ ፊቱን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ጭፈራው ከነሙቀቱ ፎቶው ውስጥ ይቀራል። ይህን በተፈጥሮ ብርሃን የሚያደርግ ሰው አላየሁም።

በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቀድሞ ካህናቱን መጠየቅ ግዴታ ነው። ቅዳሴ ላይ ፍላሽ ይቅር። ከተፈቀደም በተክሊል ጊዜ ካባውና አክሊሉ በወርቅ ክር ስለሚያብለጨልጩ፣ ብርሃኑ ከፊት ሲመታቸው ጥልፉ ጠፍቶ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ይቀራል። ከጎን ይምጣ።

ደጋሾችም የምትረዱት ነገር አለ። ድንኳን ስትከራዩ የውስጡን ጨርቅ ነጭ ምረጡ። ቀይና ወይን ጠጅ ጣሪያ ያለው ድንኳን ለዓይን ያምራል፤ ከሥሩ የሚቀመጠው እንግዳ ሁሉ ግን ፊቱ ቀልቶ ይወጣል፣ ፎቶ አንሺውም ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ያንን ቅላት ሲያጥብ አልበሙ ከመልሱም ከቅልቅሉም በኋላ ሳይደርስ ይቀራል።